ልክ ሳይጠናቀቅ ቆረጣ የለም፦ የአንድ የጅማ እብነ በረድ ቤት የጉዳይ ጥናት

በመጋቢት 2016 በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጅማ ውስጥ በሚሠራ ባለ አራት ፎቅ ሆቴል ሁለት ገጣሚዎች አንድ የደረጃ መርገጫ ተሸክመው ወደ ላይኞቹ ፎቆች ወጡ። መርገጫው ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚወፍር፣ አንድ ሜትር ተኩል የሚረዝም ግራናይት ነው፤ ክብደቱ 40 ኪሎ ያህል ይሆናል። ቦታው ላይ ሲያሳርፉት በግድግዳው በኩል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። ሌላ አመጡ፤ ያው ሆነ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከ72ቱ መርገጫዎች 27ቱ አጥረው መገኘታቸው ታወቀ። የተበላሸው ድንጋይ ከ13 ካሬ ሜትር በላይ ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ የድንጋይ ሥራ ቤቱን ሒሳብና የሥራ ክትትል ከያዝኩ አምስት ወር ሆኖኝ ነበር። ይህን የምጽፈው ከዚያ ቅዳሜ በኋላ በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ የሆነውን፣ በተለይም ለድንጋይ ሥራ የተዘጋጀ የኮምፒውተር ፕሮግራም ለማስገባት ያደረግነውን ጥረት፣ የተሳካውንም ያልተሳካውንም ለማስቀመጥ ነው። የባለቤቷንም ሆነ የደንበኞቹን ማንነት አልጠቅስም። ሠራተኞቹ ባለቤቷን «እትዬ»፣ ዋናውን ቆራጭ «ጋሼ» ስለሚሉ እኔም እንደዚያው እላለሁ።

የሥራ ቤቱ ሁኔታ

ሥራ ቤቱ 14 ሠራተኞች አሉት። አንድ ትልቅ በውሃ የሚቀዘቅዝ መቁረጫ ማሽን፣ ሁለት የጠርዝ ማለስለሻና በርካታ የእጅ ግራይንደሮች አሉት። የሚሠራው የደረጃ መርገጫ፣ የመስኮትና የበር ደፍ፣ የወጥ ቤት ገበታ፣ የሆቴል መቀበያ ባንኮኒና የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ነው። ድንጋዩ በአብዛኛው የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው። ነጩ እብነ በረድ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚወጣው የዳለቲ ነው፤ ግራናይቱ ከአገር ውስጥም ከውጭም ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ ያለው መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በወልቂጤ አልፎ ወደ ግቤ ቁልቁል ይወርድና እንደገና ይወጣል። ትልቁ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ በዚህ ጽሑፍ «ሰሌዳ» የምለው፣ በዚያ መንገድ የሚመጣው ቆሞና ተደግፎ ነው። ተኝቶ ከመጣ ይሰነጠቃል።

ጅማ የምትታወቀው በእንጨት ሥራዋ ነው፤ የጅማን በርጩማ የማያውቅ የለም። ብዙዎቹ ሠራተኞቻችንም ከእንጨት ሥራ የመጡ ናቸው። እጃቸው ጥሩ ነው፤ ግን የእንጨት ልማድ አብሯቸው መጥቷል። እንጨት ቢያጥር ይቀጠላል፣ ቢረዝም ይላጋል። ድንጋይ ሲረዝም ይቆረጣል፤ ሲያጥር ግን የሚደረግ ነገር የለም። እኛ ዘንድ የተፈጠረው ችግር ሁሉ መነሻው ይኸው ነው።

መረጃው የሚቀመጠው በሦስት ደብተር ነበር። ገንዘቡና ቀብዱ በእትዬ ደብተር፣ የመቁረጫ ልኩ በጋሼ ደብተር፣ የሕንፃው ልክ ደግሞ የገጣሚዎቹ አለቃ በኪሱ በሚይዘው ትንሽ ማስታወሻ ይጻፋል። እትዬ በሜትር ትጽፋለች፣ ጋሼ በሴንቲ ሜትር፣ የተቋራጮች ፕላን ብዙ ጊዜ በሚሊ ሜትር ነው። ሦስቱ ደብተሮች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የተያዩበትን ቀን አላስታውስም።

ችግሩ ምን ነበር

የሆቴሉን ደረጃ በተመለከተ የሆነው እንዲህ ነው። በፕላኑ ላይ የደረጃው ስፋት 150 ሴንቲ ሜትር ተብሎ ተጽፏል። የገጣሚዎቹ አለቃ የመጀመሪያውን ፎቅ ደረጃ ለካ፤ ከፕላኑ ጋር ገጠመ። ስለዚህ 72ቱም በአንድ ልክ እንዲቆረጡ ለጋሼ ነገረው። ነገር ግን ኮንክሪት ሲሞላ ሳንቃው ይገፋል፤ እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ልክ አለው። በኋላ ስንለካ የሁለቱ የላይኛ ፎቆች ስፋት በአብዛኛው 152፣ 153፣ በአንድ ቦታም 154 ሆኖ ተገኘ። ሊሾውና የግድግዳው ልስንም ገና አላለቁም ነበር። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልሰነፈም። የመጀመሪያው ፎቅ ልክ ለሁሉም ይሆናል ብሎ የገመተ አንድ ሰው ነበር፤ ያንን ግምት የሚያስቆም ደግሞ ምንም አልነበረም።

ሁለተኛው ችግር የድንጋዩ ቀለም ነው። የጎደሉትን 27 መርገጫዎች ለመተካት አዲስ አበባ ደውለን ከዚያው ነጋዴ ተመሳሳይ ስም ያለው ግራናይት አስመጣን። ሲደርስ ጠቆር ያለ ነው። ከአንድ ቋጥኝ ያልወጣ ድንጋይ ስሙ አንድ ቢሆንም መልኩ አይገናኝም። የሆቴሉ ባለቤት ለረጅም ጊዜ ቆመው አዩት፤ ከዚያ «በዚህ ደረጃ ላይ የሚወጣው እንግዳ ምን ይለኛል?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። ዋጋ ቀነስንላቸው።

ሦስተኛው ችግር ለብቻው ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ እኔን ግን ከሁሉም ይበልጥ አሳፍሮኛል። ወደ ጅሬን አቅጣጫ ቤት የሚሠሩ አንዲት እናት ለወጥ ቤታቸው አንድ የዳለቲ ሰሌዳ መርጠው ነበር። መሐሉን እንደ ወንዝ የሚያቋርጥ ግራጫ መስመር ነበረው። በእጃቸው ዳስሰውት፣ በጠመኔ ስማቸው ተጽፎበት ሄዱ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዝናብ ዘነበ፤ ሰሌዳዎቹ የሚቆሙት በግቢው ውስጥ ስለሆነ ጠመኔው ታጠበ። ሰሌዳው ለሌላ ሰው የመስኮት ደፍ ሆኖ ተቆረጠ። እኒያ እናት ሲመጡ የእሳቸው መስመር በአምስት መስኮቶች ላይ ተከፋፍሎ ነበር።

በዚያው ሰሞን ግቢውን ቆጠርን። በደብተሩ መሠረት 61 ሙሉ ሰሌዳ ሊኖር ይገባ ነበር፤ ያገኘነው 47 ነው። በአንጻሩ በየጥጉ ተደግፈው የቆሙ ከ180 በላይ ቁርጥራጮች ነበሩ፤ በየትኛውም ደብተር አልተመዘገቡም። ሁለት ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ከሠላሳ ከሆነ ሰሌዳ አንድ ሜትር ተኩል የሚረዝሙና 33 ሴንቲ ሜትር የሚሰፉ ሦስት መርገጫዎች ሲወጡ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ከሠላሳ የሆነ ጤነኛ ድንጋይ ይተርፋል። ይህ ከሰሌዳው ከአንድ ሦስተኛ በላይ ነው። እኛ ግን ይህን ትርፍ ድንጋይ «ቁራጭ» ብለን ጥግ አስይዘን ለሚቀጥለው ሥራ አዲስ ሰሌዳ እናዝ ነበር።

የፕሮግራም ፍለጋ

በሚያዝያ ለድንጋይ ሥራ ምን ዓይነት ፕሮግራም እንዳለ ማየት ጀመርኩ። በዓለም ላይ ለዚህ ሙያ ብቻ የተሠሩ በርካታ አሉ። አንዳንዶቹ የወጥ ቤት ገበታን ቅርጽ በስክሪን ላይ እየሣሉ ወዲያው ዋጋ ያወጣሉ፤ የአሜሪካው ሞራዌር «ካውንተርጎ» የሚለው ለዚህ የተሠራ ነው። ያው ድርጅት «ሲስተማይዝ» በሚለው ፕሮግራሙ ደግሞ የሥራውን ቅደም ተከተልና ቀጠሮ ያስይዛል። እንደ «ስላብስሚዝ» ያሉት የእያንዳንዱን ሰሌዳ ፎቶግራፍ አንሥተው የሚቆረጠውን ቅርጽ በፎቶው ላይ ያስቀምጣሉ፤ የድንጋዩ መስመር ከመቆረጡ በፊት የት ላይ እንደሚውል ይታያል። ይህንን ሳይ የመጡልኝ ያቺ ግራጫ መስመር የጠፋችባቸው እናት ናቸው።

ለሙከራ የወሰድነው ግን ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ሳይሆን፣ አንድ ሌላ አነስተኛ ድርጅት ለአንድ ወር በነጻ የሚሰጠውን ነው። በግንቦት ሙሉውን ወር ሁሉንም ሥራ በደብተርም በፕሮግራሙም መዘገብን።

ከወሩ ያገኘነው ትልቁ ነገር የሥራው ቅደም ተከተል ነው። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ትእዛዝ በደረጃ ይከፍለዋል፦ ዋጋ፣ ቀብድ፣ ልክ፣ የድንጋይ መረጣ፣ ቆረጣ፣ ጠርዝና ማለስለስ፣ ጭነት፣ ገጠማ፣ ርክክብ። አንዱ ካላለቀ ቀጣዩ በቀይ ይታያል። ይህን በስክሪን ላይ ሳየው እኛ ዘንድ ልክና ቆረጣ ተደራርበው ይሄዱ እንደነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ። ልክ የሚባለው ነገር መቼ እንዳለቀ የሚናገር ሰው አልነበረንም።

ያልሠራውም ብዙ ነው። ፕሮግራሙ የተሠራው ለወጥ ቤት ገበታ ነው፤ በአንድ ትእዛዝ ውስጥ 72 የተለያየ ልክ ያላቸው መርገጫዎችን ማስገባት አሰልቺ ነበር። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሁሉም ነገር ይቆማል። ከሁሉ የከፋው የሰዓቱ ጉዳይ ነው። አንድ ማክሰኞ የገጠማ ቀጠሮ አስያዝኩ፤ ፕሮግራሙ «9:00» ብሎ ለገጣሚዎቹ ስልክ ላከ። በፈረንጆች አቆጣጠር ጠዋት ሦስት ሰዓት ማለት ነው። ገጣሚዎቹ ያነበቡት ዘጠኝ ሰዓት ብለው ነው፤ በትክክልም ዘጠኝ ሰዓት ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ደንበኛው ከሥራ ቀርቶ ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ተቀምጦ ነበር። ልጆቹን ልቆጣ ስል የገጣሚዎቹ አለቃ ስልኩን አሳየኝ፤ «ዘጠኝ ይላል እኮ» አለ። እውነቱን ነው። አገሬው ሰዓቱን በሚቆጥርበት መንገድ የማይቆጥር ቀጠሮ ቀጠሮ ሊሆን አይችልም።

ክፍያውም አስቸጋሪ ነበር። በየወሩ በዶላር የሚከፈል ነው፤ ለአነስተኛ ድርጅት ያንን የሚያስተላልፍ መንገድ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ባለቤቷ ውጭ አገር ባለ ዘመድ በኩል ለማስከፈል እያሰበች ሳለ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እትዬ ስሌቱን አይታ ወረቀቱን አጠፈችው።

የራሳችን ፕሮግራም

በመስከረም 2017 ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ያጠናች አንዲት ወጣት አገኘን። ከውጭው ፕሮግራም የወሰድነውን ቅደም ተከተል ሰጠናትና ኢንተርኔት የማይፈልግ፣ በቢሮው ላፕቶፕ ላይ የሚቀመጥ፣ በግቢው ውስጥ ባሉ ስልኮች የሚከፈት ነገር እንድትሠራልን ጠየቅናት። አንድ ፊደል ሳትጽፍ ሦስት ቀን ሙሉ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሥራውን ስታይ ዋለች። ይህን ያደረገ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም፤ ለውጤቱ ትልቁ ምክንያትም ይህ ይመስለኛል።

በሁለተኛው ቀን የሆነውን በቅርብ ስለነበርኩ ልንገር። ጋሼ ፕሮግራሙን አይወድም ነበር። በግንቦቱ ሙከራ አንድም ቀን ስልኩን አልከፈተም። ያን ዕለት ከመኪና የወረዱ ሰሌዳዎችን እያየ ነበር። አንዱ ዘንድ ቆመና በመዶሻው እጀታ መሐሉን መታ አደረገ፤ ጥርት ያለ፣ እንደ ደወል የሚያስተጋባ ድምፅ ሰጠ። ወደሚቀጥለው አለፈና መታ፤ የዚህኛው ድምፅ የታፈነ ነበር። በዓይን የሚታይ ምንም ነገር የለበትም። «ይሄ ታሟል» አለ። ወጣቷ ተነሥታ መጣች። «ጋሼ፣ እንዴት አወቁ?» «ስሚው፣ ልጄ።» እጀታውን ሰጣት። እሷም መታች፣ ሁለቱንም እየተመላለሰች ሰማች። ከዚያ «ይህን የት ነው የሚጽፉት?» አለችው። ጋሼ ሳቀ። «የት እጽፈዋለሁ? ራሴ ውስጥ ነዋ።»

በሚቀጥለው ሳምንት ፕሮግራሙ ሲመጣ በእያንዳንዱ ሰሌዳ መዝገብ ላይ «ድምፅ» የሚል ቦታ ነበረው፦ «ጤነኛ»፣ «የታመመ»። የታመመ የተባለ ሰሌዳ ለረጅም ቁራጭ እንዲመደብ አይፈቅድም፤ ለትናንሽ ነገር ብቻ ይሰጣል። ጋሼ ስልኩን የከፈተው ያን ቀን ነው። አሁን አዲስ ሰሌዳ ሲመጣ እሱ ድምፁን ሳይሰጠው ወደ መዝገብ አይገባም።

ሌሎቹ ነገሮች እንዲህ ተሠሩ። እያንዳንዱ ሰሌዳ ግቢ ሲገባ ቁጥሩ በማይለቅ ቀለም በጠርዙ ውፍረት ላይ ይጻፋል፤ ፊቱ ላይ አይደለም፣ ፊቱ ይታጠባል። ፎቶ ይነሣል፤ ደንበኛ ሲመርጠው ስሙ ከቁጥሩ ጋር ይታሰራል። ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ቁራጭ ሁሉ የእናቱን ቁጥር ይዞ ይመዘገባል፤ ስለዚህ ከየትኛው ሰሌዳ እንደወጣ፣ ቀለሙ ከምን ጋር እንደሚሄድ ይታወቃል። ሰዓቱና ቀኑ የእኛው ነው፤ ጳጉሜን ሳትቀር አለች። የሥራው ቅደም ተከተል ደረጃዎች ስም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጎን ለጎን ተጽፏል፤ ከገጣሚዎቹ መካከል አማርኛ ማንበብ የሚከብዳቸው አሉ። ልክ በሴንቲ ሜትር ብቻ ይገባል፤ ሌላ አይቀበልም። የመቁረጫው ምላጭ የሚበላው አራት ሚሊ ሜትር ደግሞ በራሱ ይደመራል።

ክብደትም ያሰላል። ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ድንጋይ በካሬ ሜትር 54 ኪሎ ገደማ፣ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያለው 81 ኪሎ ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ጭነት የሚለካው በዓይን ነበር፤ መኪናውም ተሸካሚውም ይጎዱ ነበር።

ዋናው ነገር ግን መዝጊያው ነው። «ልክ ተጠናቋል» የሚለው ካልተረጋገጠ «ይቆረጥ» የሚለው አይከፈትም። እንዲረጋገጥ የሚያስፈልጉት ነገሮች በሥራው ዓይነት ይለያያሉ። ለደረጃ ከሆነ ሊሾና ልስን ማለቃቸው፣ እያንዳንዱ መርገጫ ለብቻው በግድግዳው በኩልና በውጭው ጠርዝ መለካቱ፣ ቁጥር መሰጠቱ፤ ለወጥ ቤት ከሆነ ካቢኔው ተገጥሞ በውሃ ልክ መታየቱ፣ ሲንኩና ምድጃው ራሳቸው በቦታው መኖራቸው። ካታሎግ አይበቃም፤ ዕቃው በአካል መታየት አለበት። በመጨረሻ ልኩን የወሰደውም የተቀበለውም ይፈርማሉ።

በጋሼ ማሽን አጠገብ ኮምፒውተር የለም። ውሃና የድንጋይ ጭቃ ባለበት፣ እጅ በጓንት በተሸፈነበት ቦታ ስልክ አይሠራም። ማታ ማታ የነገው የቆረጣ ዝርዝር ታትሞ በላስቲክ ተሸፍኖ ማሽኑ አጠገብ ይሰቀላል። መብራት ቢጠፋም ወረቀቱ አለ።

አንድ ዓምድ፣ አንድ ሳንባ

መጀመሪያ ላይ እዚህ ግባ የማይባል የመሰለኝ፣ አሁን ግን ከሁሉም በላይ የምከታተለው አንድ ዓምድ አለ፤ «በቦታው የተቆረጠ» ይላል። ገጣሚዎች ሕንፃው ላይ ደርሰው ድንጋዩ አልገባ ሲላቸው በእጅ ግራይንደር ያለ ውሃ ይቆርጡታል። እነዚያ ቆረጣዎች ድሮ አይቆጠሩም ነበር፤ የሥራው አካል ይመስሉን ነበር። ነገር ግን እያንዳንዳቸው ቀደም ብሎ የተሳሳተ ልክ ምስክር ናቸው። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ አቧራው ነው። ግራናይት ኳርትዝ አለበት፤ በደረቅ ሲቆረጥ የሚነሣው ደቃቅ የሲሊካ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የማይድን ጠባሳ ያስከትላል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል፤ ከዓመታት በኋላ ነው የሚታየው። ልጆቹ በነጠላ ጨርቅ አፋቸውን ሸፍነው በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሲቆርጡ አይቻለሁ። ስለዚህ ልክን በትክክል መውሰድ ገንዘብ የማዳን ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ይህን ለሁሉም ደንበኛ እናገራለሁ፣ አሁንም እናገራለሁ።

በመዝገቡ የመጀመሪያ ወር፣ በጥቅምት 2017፣ 38 የቦታ ቆረጣ ተመዘገበ። በሚያዝያ 9 ነበር። የግድ ሲሆን ውሃ የሚረጭ ሰው አብሮ እንዲቆምና ትክክለኛ የአቧራ መከላከያ ጭንብል እንዲደረግ ተወስኗል፤ ጭንብሉን ማስለበስ ግን እስከ ዛሬ ትግል ነው።

መዝጊያው የተከፈተበት ቀን

በታኅሣሥ ከቦሳ ቂጦ የመጡ ደንበኛ የልጃቸው ሠርግ ስለደረሰ ወጥ ቤቱ በአንድ ሳምንት እንዲያልቅ ለመኑ። ካቢኔው ተገጥሟል፤ ሲንኩ ግን አልተገዛም፤ ባለ ሁለት ጎድጓዳ እንደሚሆን በስልክ ተናገሩ። እትዬ አዘነችላቸው፤ በራሷ የይለፍ ቃል መዝጊያውን ከፈተችው። ጋሼ ቆረጠ። ሲንኩ ሲገዛ ባለ ሁለት ጎድጓዳው ገበያ ላይ ስላልተገኘ ባለ አንድ ጎድጓዳ ሆኖ መጣ። ቀዳዳ ቢጠብ ይሰፋል፤ ቢሰፋ ግን አይጠብም። ገበታው ተጣለ፤ ሠርጉም ያለ ገበታ አለፈ።

እትዬ ማንንም አልወቀሰችም። በማግስቱ ወጣቷን ጠርታ መዝጊያው ልክ ሳይጠናቀቅ እንዲከፈት የሁለት ሰው ይለፍ ቃል እንዲያስፈልግ አዘዘች፦ የእሷና የጋሼ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተጠይቆ ጋሼ ሁለቱንም ጊዜ እምቢ ብሏል። ባለቤት ራሷን በራሷ እንዲህ ስታስር ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

ውጤቱና ያልተፈታው

በየካቲት አንድ የመኖሪያ ሕንፃ ደረጃ ያዝን፤ 54 መርገጫዎች። ሁሉም ለየብቻቸው ተለኩ፣ ቁጥራቸው በጀርባቸው ተጻፈ፣ የተጫኑት በሚገጠሙበት ተራ ነው። 52ቱ ያለ ንክኪ ገቡ። ሁለቱ በቦታው ተቆረጡ፤ ከልክ በኋላ ግድግዳው እንደገና ስለተለሰነ ነው። በሆቴሉ አጥረው ከተገኙት 27 መርገጫዎች ውስጥ ደግሞ 19ኙ ለዚሁ የመኖሪያ ሕንፃ የበር ደፍ ሆኑ። ይህ የሆነው በመዝገቡ ላይ ስለነበሩ ብቻ ነው፤ የበር ደፎቹን ልክ ስናስገባ ፕሮግራሙ ራሱ እነሱን አወጣቸው።

ያልተሻሻለው ክፍያ መሰብሰብ ነው። ፕሮግራሙ ማን ስንት እንዳለበት ያሳያል፤ የሚከፍለው ግን አሁንም ሲፈልግ ነው። ተቋራጮችም የልክ ወረቀት ላይ ለመፈረም አይወዱም፤ ፊርማ ኃላፊነት ነውና። ሁለት ሥራዎች በዚህ ምክንያት ለሳምንታት ዘግይተውብናል፤ አንዱ ተቋራጭም ትቶን ሄዷል። ዝናቡም አለ። ከግንቦት እስከ መስከረም ሊሾ ቶሎ አይደርቅም፣ ነጭ እብነ በረድ ደግሞ ከሥሩ እርጥበት ካገኘ ይበልዛል፤ ስለዚህ በክረምት የምንሰጣቸው ቀኖች አሁንም ይንሸራተታሉ። የመመዝገብ ሥራውም ቀላል አይደለም፤ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል የሚሆን ጊዜዬን ይወስዳል።

ተመሳሳይ ሥራ ላለው ሰው

አናጢ ቤት፣ ብረታ ብረት ቤት ወይም የአሉሚኒየም መስኮት ቤት ያለው ሰው ከዚህ ምን ይወስዳል ብዬ ብጠየቅ፣ መጀመሪያ የምለው ፕሮግራም ከመግዛት በፊት የማይመለሰውን እርምጃ ማወቅ እንደሚያስፈልግ ነው። በእኛ ሥራ ቆረጣ ነው። መዝጊያው መቆም ያለበት ከዚያ እርምጃ ፊት ነው፤ ሌላው ቦታ ላይ መዝጊያ ማብዛት ሠራተኛውን ማሰልቸት ብቻ ነው። እኛ መጀመሪያ ላይ በየደረጃው ፊርማ አድርገን ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ሁሉም ሳያነቡ መፈረም ጀመሩ። አሁን የሚፈረመው አንድ ቦታ ብቻ ነው።

ለሙያው የተሠራ የውጭ ፕሮግራም መሞከር፣ በመጨረሻ ባይገዛም፣ ይጠቅማል። የሌሎች አገር ባለሙያዎች ስንት ድንጋይ አበላሽተው የደረሱበትን ቅደም ተከተል በአንድ ወር ያሳያል። ሲሞከር ግን ከሁሉ በፊት ሰዓቱን፣ የቀን መቁጠሪያውን፣ የክፍያውን መንገድና ኢንተርኔት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ማየት ያስፈልጋል። እኛ እነዚህን ያየነው ሰው ካስቀየምን በኋላ ነው።

ሦስተኛው ነገር የሽማግሌው ዕውቀት ነው። ጋሼ ፕሮግራሙን የተቃወመው ኮምፒውተር ፈርቶ አልነበረም፤ እሱ የሚያውቀውን ነገር የሚያስቀምጥበት ቦታ ስላልነበረው ነው። ቦታው ሲሰጠው ከሁላችንም በላይ ጠንቃቃ መዝጋቢ ሆነ። በእያንዳንዱ ሥራ ቤት እንዲህ ያለ ሰው አለ፤ ፕሮግራም የሚሠራው ሰው መጀመሪያ እሱ ዘንድ ተቀምጦ መዋል አለበት።

አሁን ያለበት

የላፕቶፑ መረጃ በየሳምንቱ ቅዳሜ በሁለት ፍላሽ ይገለበጣል፤ አንዱ እትዬ ቤት፣ አንዱ እኔ ዘንድ ያድራል። ስለ ሠራችልን ሥራ የሚገባትን ለወጣቷ ሙሉ በሙሉ ከፍለን አልጨረስንም፤ በየወሩ እየከፈልን ነው። ጅሬን ላሉት እናት ሌላ መስመር ያለው ሰሌዳ ፈልገን በየካቲት ገጠምንላቸው። ፎቶውን አስቀድመው አይተው፣ መስመሩ በየት በኩል እንዲያልፍ በጣታቸው አሳይተው ነው የተቆረጠው። በሆቴሉ የላይኛ ፎቆች ላይ ጠቆር ያሉት መርገጫዎች አሁንም እዚያው ናቸው። ጋሼ ደግሞ አንድ የ19 ዓመት ልጅ መዶሻውን አስይዞ በሰሌዳዎቹ መሐል ያዞረዋል፤ ልጁ መትቶ «ጤነኛ» ወይም «የታመመ» ይላል፣ ጋሼ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል፣ ከተስማሙ ልጁ በስልኩ ይመዘግባል።